የጻፍኩት ሌላ፣ የወጣው ሌላ

«እሺ፣ እናቴን ማን ያገላብጣት?»

ዛሬ ጠዋት አዳማ ቢሯችን ውስጥ፣ በስብሰባ መሃል ጫልቱ ይህን ጠየቀችኝ።

ጫልቱ መቂ ቤቷ ሆና ደንበኞቻችንን በስልክ የምታስተናግድ ባልደረባችን ናት። እናቷ በስትሮክ አልጋ ከያዙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከእሷ ሌላ ሰው የላቸውም። ዛሬም ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ነው ለስብሰባው የመጣችው።

እኔ የሰው ኃይል ኃላፊ ነኝ። ወደ ቢሮ የምንመለስበትን መመሪያ ጻፍ ስባል፣ «ሠራተኛው ወዶ የሚቀበለው ይሁን» ተብዬ ነበር። እኔም አምኜ ሁሉንም አንድ በአንድ አነጋገርኩ። ጫልቱ የቤቷን ችግር ሳትደብቅ ነገረችኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ቢሮ እንግባ፣ በሽተኛ የሚያስታምም ግን ከቤቱ ይሥራ ብዬ ጻፍኩ።

ትናንት ከአዲስ አበባ ዋናው ቢሮ ተስተካክሎ መጣ። ሁሉም ሰው፣ አምስቱንም ቀን ይግባ ይላል። ከሥሩ የእኔ ስም አለ።

(ወንበሩ እንኳ የሚበቃው ለግማሻችን ነው። በየተራ እንቆማለን መሰለኝ።)

ከስብሰባው በኋላ የቅርንጫፋችንን ሥራ አስኪያጅ ስለ ጫልቱ ለመንኳቸው። «እኔስ ምን ሥልጣን አለኝ ብለህ ነው?» አሉኝ።

ስመለስ ጫልቱ ሥራውን ልትለቅ የመሥሪያ ቤቱን ላፕቶፕ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ቆማለች።

«አይዞህ፣ አንተ ምን ታደርግ» አለችኝ። ጭራሽ እሷ እኔን ታጽናናኝ!

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት።

እናንተስ? ሰው አማክራችሁ የጻፋችሁት ተገልብጦ በስማችሁ ወጥቶባችሁ ያውቃል? እነዚያን ሰዎች በማግስቱ በምን ዓይናችሁ አያችኋቸው? እባካችሁ ንገሩኝ፣ ነገ ጠዋት ቢሮ መግባቴ አይቀርም።