የሌስተር ጉርሻ

ሥራ በጀመርንበት ቅዳሜ ገና የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ተዋረድን። የሌስተር ሃርሞኒካ ጎን ላይ ሲ የሚል ፊደል ተቀርጿል። እኔም አይቼ ጊታሬን በሲ ቁልፍ ጀመርኩ። እሱ በጂ ገባ። እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለው የእትዬ አስካለ ምግብ ቤት ሁለት የተጣሉ ባንዶች የሚጫወቱ መሰለ።

ሌስተር ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ አስረዳኝ። ብሉዝ ተጫዋች የሲ ሃርሞኒካ ይዞ የሚጫወተው በጂ ነው፤ ያ የሚያላዝነው ድምፅ የሚወጣው ሲነፉት ሳይሆን አየሩን ወደ ውስጥ ሲስቡት ነው። ታዲያ ለምን ሲ ብለው ይጽፉበታል አልኩት። ሠሪዎቹን ጠይቅ አለኝ። አዲስ አበባ ሆቴል ለሆቴል ጊታር ስጫወት የኖርኩ ሰው እኮ ነኝ! ለካ ሃርሞኒካ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር።

የተዋወቅነው ፓርኪንግ ላይ ነው። እኔ በሳምንቱ ቀናት እዚያው አካባቢ ፓርኪንግ እሠራ ነበር። ሌስተር ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሜካኒክ፣ ምግባችንን የሚወድ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። አንድ ቀን በልቶ ወደ መኪናው ሲመለስ ከጥበቃ ቤቷ ውስጥ ትዝታ ማይነር ስነካካ ሰማኝ። ሃርሞኒካውን ከኪሱ አውጥቶ ገባበት። እኔ ትዝታ ነው አልኩ፣ እሱ ብሉዝ ነው አለ። እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

እትዬ አስካለ የምግብ ቤቱ ባለቤት ናቸው። ለቅዳሜ የፈለጉት ኪቦርድ ተጫዋች ነበር፤ ብቻውን ከበሮውንም ማሲንቆውንም ይሆናል። ሃርሞኒካውን ሲያዩ "ይሄ የልጅ መጫወቻ አይደለም እንዴ?" አሉኝ። ለምኜ ለምኜ የአንድ ወር ሙከራ ሰጡን። እኔ መኪና ፓርክ ሳደርግ እየዋልኩ ሙዚቀኛ መሆኔን ልረሳው ደርሼ ስለነበር ሥራውን በጣም ፈልጌዋለሁ። ሌስተር ደግሞ ይብስ ነበር። የሚጫወትበት ክለብ ከተዘጋ ወዲህ ሰው ፊት ቆሞ አያውቅም። ለቅዳሜ ብሎ አዲስ ባርኔጣ ገዝቶ መጣ።

ከመጀመራችን በፊት መመሪያ ሰጥቼው ነበር። ሰው ደስ ሲለው ተነስቶ ያጎርስሃል፣ እንቢ እንዳትል፣ እኛ ዘንድ ፊት መንሳት ነው አልኩት። ሌስተር ደግሞ መመሪያ አክባሪ ሰው ነው።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ የክርስትና ድግስ ነበር፤ ቤቱ ጢም ብሏል። ሌስተር አንድ ረጅም ዜማ ሲጨርስ ጋሽ ወርቁ ክትፎ ጠቅልለው ተነሱ። ጋሽ ወርቁ አንጋፋ ታክሲ ነጂ ናቸው፤ የቤቱን ግማሽ ደንበኛ ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ ጉርሻቸው የሕፃን ጭንቅላት ያህላል። ሌስተር አፉን ከፈተ። ከሌላ ጠረጴዛ ሌላ መጣ፤ ከፈተ። በየመሃሉ እያላመጠ ይነፋል።

ትንሽ ቆይቶ ሃርሞኒካው እንደታመመ ዶሮ ጮኸና ዝም አለ። ሌስተር ልዩ ልዩ ቁልፍ ያላቸው ሃርሞኒካዎች ከደረደረበት ቀበቶው ላይ ሌላ መዘዘ፣ እኔም ቁልፍ ቀይሬ ተከተልኩት። እሱም ብዙ አልቆየም። ሌላ፣ ሌላ፤ ሁሉም ተራ በተራ ዲዳ ሆኑ። ሰዉ ደግሞ ሰውዬው ራበው፣ ደከመው እያለ የባሰ አጎረሰው።

ወጥ ቤት ገብተን ሌስተር በትንሽ ካቻቢቴ አንዱን ፈታው። ውስጡ ድምፅ የሚሰጡ ስስ የነሐስ ምላሶች አሉ፤ ቅቤና ሚጥሚጣ አንድ ላይ አጣብቀዋቸዋል። አነሳና አሸተተው።

"ቅቤው ጥሩ ነው" አለ።

እትዬ አስካለ ተከትለውን ገቡ። "ግርማ፣ ሰውዬው ጨዋ ነው፣ እወደዋለሁ። ግን መሃል ላይ ዝም የሚል ሙዚቃ አልፈልግም። የሚመጣው ቅዳሜም እንዲህ ከሆናችሁ ኪቦርዱን እጠራለሁ" ብለውኝ ወጡ።

በል ከዛሬ ጀምሮ ጉርሻ የለም አልኩት ሌስተርን። እንቢ ማለት ፊት መንሳት ነው ብለኸኛል አለኝ። አዎ፣ ነው አልኩ። "ሶ?" አለኝ፣ ታዲያስ ማለቱ ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። ሌስተር ብቻውን በሚጫወትበት ቦታ ላይ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያላዝን፣ ጋሽ ወርቁ ጉርሻቸውን ይዘው መጥተው ፊቱ ተገተሩ። ሌስተር ዓይኑን ገለጠ። ጉርሻውን አየ፣ እኔን አየ። ቢቀበል ሃርሞኒካውም ሥራችንም አለቀላቸው። እንቢ ቢል ጋሽ ወርቁ ይቀየማሉ፣ እሳቸውን ተከትሎ ግማሹ ቤት ይነሳል። እትዬ አስካለ ከካሸሯ አጠገብ ቆመው ያያሉ።

የእኔ እጆች ክር ላይ ናቸው። አፌ ግን ሥራ ፈት ነው።

"ጋሼ፣ የሱን እኔን ያጉርሱኝ" አልኩና አንገቴን አሰገግኩ። "እሱ የሚሠራው በአፉ ነው፤ እኔ በእጄ ነኝ።"

ጋሽ ወርቁ ሌስተርን አዩ፣ ጉርሻቸውን አዩ፣ ከዚያ ያንን ሁሉ ወደ አፌ ወተፉት። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ኮርድ ግን አልሳትኩም። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሌስተር እንደዚያን ዕለት ተጫውቶ አያውቅም፤ እትዬ አስካለም ኪቦርድ የሚል ቃል ከዚያ ወዲያ አልወጣቸውም።

ነገሩ የቤቱ ወግ ሆነ። ሰው ከሩቅ ድራይቭ አድርጎ እየመጣ "የሌስተርን ጉርሻ" ያጎርሰኝ ጀመር። ቫን ናይስ የሚባል ሰፈር ሠርግ ላይ ስንጫወት ሙሽራዋ ራሷ አጎረሰችኝ። ሳንታ ሞኒካ የባሕር ዳር ምግብ ቤት የተጫወትን ጊዜ ማንም ስላላጎረሰኝ ምት ሁሉ ጠፋኝ። ጊታሩን ቦርጬ ላይ ማስደገፍ ስጀምር ባለቤቴ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ምን እንደምበላ ሲጠይቀኝ የጓደኛዬን አልኩት።

ከዓመታት በኋላ የሌስተር ትንፋሽ እያጠረ መጣ። አንድ ዜማ ከተጫወተ ግድግዳ ተደግፎ ማረፍ ሆነ። ይብቃኝ ያለኝ እሱ ራሱ ነው፤ ፓሳዴና ከምትኖረው ሴት ልጁ ዘንድ ሊገባ ነው።

በመጨረሻው ቅዳሜ ትዝታ ማይነሩን ተጫወትን፤ እሱ ብሉዝ የሚለውን። ሲያልቅ ሃርሞኒካዎቹን አንድ በአንድ ወልውሎ ሳጥናቸው ውስጥ ከተታቸው። ክዳኑን ዘጋ። ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ አፉን ከፈተ።

ሰዉ ግራ ገባው። እኔ ገብቶኛል። ጊታሩን አስቀምጬ እጄን ታጥቤ መጣሁ። ጋሽ ወርቁ ክትፏቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። የቻልኩትን ያህል ትልቅ አድርጌ ጠቀለልኩ። ያን ሁሉ ዓመት የእሱን ስበላ ኖሬ አሁን ላጎርሰው ነው።

ቀስ ብሎ አላመጠ። ቤቱ በሙሉ ጠበቀው።

"ቅቤው አሁንም ጥሩ ነው" አለ። ሳቅኩ፣ አለቀስኩም።

ከሰው ጋር ሥራ የምትጀምሩ፣ ጓደኛችሁ በምኑ እንደሚሠራ እወቁና እሱን ጠብቁለት። የቀረው ልምምድ ነው።