የቮልሷን ሰዓት ማን ሠራው?

የአባቴ ቮልስ ከእኔም ከወንድሜም በዕድሜ ትበልጣለች። ቀጨኔ ያለው ግቢያችን ጠባብ ስለሆነ እሷ ከገባች እኛ በጎን ሾልከን ነው የምናልፈው። አባቴ በእሷ የማይደራደር ሰው ነው። ዳሽቦርዷ ላይ ያለው ክብ ሰዓት ግን ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ሦስት ሰዓት ካለፈ ትንሽ ላይ ቆሞ ቀርቷል። መካኒክ ጋ ሲወስደው «ይሄ ወጥቶ ይጣልና የግድግዳ ሰዓት ሞተር ይግባበት» አሉት። ተቀይሞ መጣ። ምሳ ላይ እኔንና ታላቅ ወንድሜን እያየ እንዲህ አለ፦

«ከሁለታችሁ ይሄን ሰዓት ላስኬደልኝ መንዳት አስተምራለሁ። ቁልፉን እሰጣለሁ፣ እንጦጦ ወስጄ አስተምራለሁ። በቃ!»

ወንድሜ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ ከኋላ ወንበር ሆኜ የአባቴን እግር ሳይ ነው ያደግኩት፤ ፍሪሲዮኑን መቼ እንደሚረግጥ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ።

የዚያን ሳምንት ስለ ሰዓቱ አሠራር ቪዲዮ ስፈልግ ከረምኩ። ነገሩ ፊዚክስ ላይ የተማርነው ማግኔት ነው። ሰዓቱ ውስጥ ትንሽ ስፕሪንግ አለ። ሲላላ ሁለት ነጥቦች ይነካካሉ፣ ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ ማግኔቱ ስፕሪንጉን ቷ አድርጎ መልሶ ይወጥረዋል። ነጥቦቹ ከጠቆሩ ግን በቃ፣ ይቆማል።

ቅዳሜ አባቴ ለቅሶ ቤት ሲሄድ ገባሁበት። ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን የባትሪ ገመድ ፈታሁ፣ የፊቱን ኮፈን ከፍቼ ጭንቅላቴን ከተትኩና ሰዓቱን ከጀርባው አወጣሁት። ወንድሜ የስልኬን መብራት ያዘልኝ። እሱንም ለምኜው ነው።

«እጄ ደከመኝ።»

«በሌላኛው ያዝ።»

«በሌላኛው ቲክቶክ እያየሁ ነው እኮ!»

ነጥቦቹ እንደ ከሰል ጠቁረው ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ጫፍ ትንፋሼን ይዤ ጠረግኳቸው። መልሼ ገጠምኩት፣ ባትሪውን አሰርኩ። ቷ! አለ። ከዚያ ቀጭን ድምፅ፣ ቅጭ ቅጭ ቅጭ። ኮፈኑ ውስጥ እንዳለሁ ጮህኩ። ስጽፈው ራሱ ሳቄ ይመጣል።

«ና ግባና እየው!» አልኩት ወንድሜን። ገብቶ መሪው ጋ ተቀመጠ። እኔ ገመዶቹን ለማስተካከል ተመልሼ ጎነበስኩ። ልክ በዚያች ሰዓት አባቴ ጎረቤታችንን፣ ጡረታ የወጡትን የታክሲ ሹፌር፣ አስከትሎ ገባ። ድምፁን ሰማ። በመስኮት አየ። ከዚያ የወንድሜን ትከሻ እየደበደበ «የኔ አንበሳ! ይሄ ነው ልጅ ማለት!» ማለት ጀመረ።

ወንድሜስ? ፈገግ አለ!

እኔ እጄ በቅባት ጠቁሮ ከኮፈኑ ሥር ብቅ አልኩ። አባቴ አየኝና «አንቺ ደግሞ እዚያ ምን ትነካኪያለሽ? ሂጂ ለወንድምሽ ሻይ አምጪለት፣ ደክሞታል» አለኝ።

አመጣሁለት! እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እጄን እንኳን ሳልታጠብ፣ ስኳር ጨምሬ አመጣሁለት። ስመለስ የቮልሷ ቁልፍ ወንድሜ ጣት ላይ እየተሽከረከረ ነው።

ጎረቤታችን በመስኮት አጎንብሰው ሰዓቱን አዩ።

«ታዲያ ይሄ ሦስት ሰዓት ይላል፤ አሁን እኮ ዘጠኝ አልፏል።»

ወንድሜ ዓይኑን አላሸም። «በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጌው ነው፣ ጋሼ። መኪናዋ የጀርመን ናት ብዬ።»

እንዴት ያለ ውሸት ነው! ሰዓቱ ድሮ የቆመበት ላይ ሆኖ ነው የተነሳው፤ ማንም አልሞላውም።

«አንተ ቀጨኔ ተወልደህ ከመቼ ወዲህ ነው ጀርመን የሆንከው?» አሉት ጋሼ። አባቴ እየሳቀ «በእኛ አድርገው እንጂ» አለ።

ወንድሜ መሐል ላይ ያለችውን መሙያ አዞረ። መርፌዎቹ አልነቃነቁም። ወደኋላ አዞረ። እኔን አየኝ፣ በዓይኑ ለመነኝ። እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። ይሙላው! ሠሪው እሱ አይደል?

«ጠብቃለች መሰለኝ፣ ፒንሳ አቀብሉኝ» አለ።

ፒንሳ! ያቺን ክር የምታህል ዘንግ በፒንሳ! ዝም ብል ይሰብራታል፣ ውሸቱም ይወጣል። ሰዓቴ ግን ይሞታል።

«አትንካው!» ግቢው ሁሉ ሰማ። በመስኮት ተንጠራርቼ እጁን ገፈተርኩት። መሙያዋ ወደ ውስጥ ካልተጫኗት አትይዝም። ተጭኜ አዞርኳት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አደረስኩት።

አባቴ «ማነው የሠራው?» አለ።

«እኔ... ማለቴ፣ መብራት ይዤላታለሁ» አለ ወንድሜ።

ሳቁ! አባቴና ጋሼ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ምኑ ነው የሚያስቀው?

«በሉ በሉ፣ ሁለታችሁንም አስተምራለሁ» አለ አባቴ።

«ሁለታችሁንም አልተባለም፣ አባዬ። ላስኬደ ነው ያልከው።»

ጋሼ ሳቃቸውን ገቱ። «ልጅቷ እውነቷን ነው። ቃልህን አክብር፣ ሰውዬ።»

ወንድሜ ቁልፉን መዳፌ ላይ ወረወረው።

በማግስቱ እንጦጦ ሜዳ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ዳር፣ መሪውን ያዝኩ። አባቴ አጠገቤ፣ ወንድሜ ከኋላ። ንዴቴ አላደረም ማለት አልችልም፣ አድሮ ብሷል።

«አባዬ፣ የሠራሁት እኔ ልሆን እንደምችል ለምን አላሰብክም?»

«ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ።»

ሞተሩን አጠፋሁና ቁልፉን ነቅዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። «ካልመለስክልኝ አንሄድም።»

ወንድሜ ከኋላ «ኧረ ንገራት፣ ብርድ ነው» አለ። አባቴ አንገቱን ደፋ አድርጎ «አላሰብኩም» አለ። «እውነቴን ነው ልጄ። እጅሽን እያየሁት፣ ጭራሽ አላሰብኩም።»

ያ መልስ አላረካኝም። ግን እውነት ነበር። ቁልፉን መልሼ ከተትኩና ሞተሩን አስነሳሁ።