ሱልጣኑና ሥልጣኑ

ደብዳቤ ጽፌ ከማሸጌ በፊት ሦስት ጊዜ አነበዋለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ እነሱ በአንድ ፊደል ሰው ሲታሰር አላዩም።

ወረታ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። አዲስ አበባ ላይ በጃንሆይ ላይ የተነሣው ግርግር ከከሸፈ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ትልልቆቹ ስለ መንግሥት የሚያወሩት ግራ ቀኛቸውን አይተው ነበር። የታሪክ መምህራችን ከሸዋ የመጣ ወጣት ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ በሩቅ ምሥራቅ ስላሉ ማላዮች ስለሚባሉ ሕዝቦች አስተማረን፤ ወደባቸው በቅመም መርከብ እንደተጨናነቀ፣ ፖርቱጋሎች መጥተው እንደነጠቋቸው፣ ከዚያ ሆላንዶች፣ ከዚያ እንግሊዞች። እህላቸው ውኃ ውስጥ ቆሞ ያድጋል ሲል ክፍሉ በሳቅ አውካካ። የፎገራ ልጅ ውኃ የተኛበት እህል ምን እንደሚሆን አጥቶት ነው? ዛሬ ያ ሜዳ ሩዝ በሩዝ ሆኖ ሳየው በራሳችን እስቃለሁ።

ሰኞና ማክሰኞ መንገዱን ውኃ ይዞት ቀርቼ ነበር። ሱልጣን ማለት የማላዮች ንጉሥ መሆኑን የነገራቸው ለካ ያኔ ነው። እኔ የቁሐር ሚካኤል ቄስ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ዳዊት ያስደገመው እኔን ነው፤ በፊደል ማንም አያህለኝም ባይ ነበርኩ። መምህሩ "ሱልጣን" ባለ ቁጥር ምስኪን፣ "ሥልጣን" ማለት አቅቶት ነው እያልኩ አዝንለት ነበር።

ዐርብ አስጻፈን። እንግሊዞች አማካሪ አስቀመጡ፤ ከሃይማኖትና ከልማድ በቀር በሁሉም ነገር የአማካሪው ቃል ገዢ ሆነ፤ "ሱልጣኑ ስሙ ብቻ ቀረ" አለ። እኔም አርሜ "ሥልጣኑ ስሙ ብቻ ቀረ" ብዬ ጻፍኩ። "ሰኞ ደግሞ እንዴት ነጻ እንደ ወጡ እነግራችኋለሁ" ብሎ አሰናበተን። ጽሕፈቴ ስለሚያምር ዲሬክተሩ ደብተሬን ለወረዳው ገዢ ሊያሳይ ወሰደው። ደስታዬን አልችለው ብዬ እስከ ቤቴ ሮጥኩ።

ሰኞ ሁለት ፖሊሶች መጥተው መምህሩን ጠመኔ እንደያዘ ወሰዱት። "የጃንሆይ ሥልጣን ስም ብቻ ነው ብሎ አስተማረ" ተባለ። የማላዮች ስም ያለው በፊተኛው ገጽ ላይ ነው፤ ያን ማን ገልጦ ያያል? ጣሊያን ሲባረር እንግሊዞች ከጃንሆይ ጋር አብረው እንደገቡ ደግሞ የማያስታውስ ጎልማሳ አልነበረም። አጠገቤ የሚቀመጠውን ልጅ ደብተር ሳየው "ሱ" ይላል። ሱልጣን ንጉሣቸው ነው አለኝ፤ ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ለአባቴ ነገርኩት። መስቀሉን አነሣና "ተነሺ፣ እንሂድ" አለኝ።

ገዢው ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል። "መምህሩ ሱልጣን ነው ያሉት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኩት። የሌሎቹን ደብተሮች አስመጥቶ አንድ በአንድ አየ። መምህሬ ተረፈ ብዬ ገና ስተነፍስ ቀና አለ።

"ታዲያ አንቺ ይህን ከየት አመጣሽው? ቤት ውስጥ ነው የሚወራው?"

የሚያየው እኔን አይደለም፤ አባቴን ነው። መምህሩን ላወጣ መጥቼ አባቴን በእጄ አቀረብኩ። ምድር ተሰንጥቃ በዋጠችኝ።

"ከእኔ ነው የተማረችው፣ ጌታዬ" አለ አባቴ። "ፊደሉን ማለቴ ነው። ዳዊቱን ያስደገምኋት እኔ ነኝ።"

መስቀሉን በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘ። አባቴ ሰው ሲፈራ ያን ቀን ነው ያየሁት።

ገዢው ገጹን ደግሞ አነበበው። በመጨረሻ ገጹን ቀዶ ኪሱ ከተተው፤ ደብተሩን መለሰልኝና "አባ፣ ልጅዎን የሰማችውን ብቻ እንድትጽፍ ያስተምሯት" አለ።

አባቴ ማታ ማታ ደብተሬን ማየት ይወድ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ አሳዪኝ ብሎኝ አያውቅም።

መምህሩ ረቡዕ ተመለሰ። ከስቷል። ወደ እኔ ሳያይ "መጽሐፋችሁን ግለጡ፤ የአፍሪካ ወንዞች" አለ። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ "ማላዮችስ፣ መምህር?" አለችው። "አልቋል" አላት።

ያ ደብተር አሁንም አለኝ። እሱ ውስጥ ማላዮች እስከ ዛሬ ነጻ አልወጡም።