የሚስስ ኢንገር ወገኖች

ይህ ነገር የገጠመኝ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ለንደን ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ፤ ይሄኛው ግን ብቻዬን በተቀመጥኩ ቁጥር ይመጣብኛል።

በሱዳን በኩል ወጥቼ እንግሊዝ አገር ከገባሁ ብዙም አልቆየሁም። ካምደን ውስጥ ሚስስ ኢንገር የሚባሉ አሮጊት ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ዴንማርካዊት ናቸው። በወጣትነታቸው የሰው ቤት ሠራተኛ ሆነው መጥተው፣ እንግሊዛዊ አግብተው ቀሩ። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጅ የላቸውም። ስለ ወገኖቻቸው አንድ ቀን ብጠይቃቸው "ሻይሽ እንዳይቀዘቅዝ" ብለው ዘጉኝ። ሁለታችንም ዝምታ ለምደን ነበር። አብረን ቴሌቪዥን እናይና ደህና እደሪ፣ ደህና እደሩ ተባብለን እንለያያለን።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ኩሽና ውስጥ ወድቀው አገኘኋቸውና አምቡላንስ ጠራሁ። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ኖሮ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ እንግሊዝኛው ግን ጠፋባቸው። ቀኑን ሙሉ "ሞር፣ ሞር" ይላሉ። በእንግሊዝኛ "ጨምሩልኝ" ማለት ነውና ነርሷ ሾርባ ትጨምርላቸዋለች። እሳቸው ሳህኑን ይገፉና ያለቅሳሉ።

ዓይናቸውን ሳይ የጠየቁት ምግብ እንዳልሆነ ገባኝ። ዴንማርኮች የሚሰበሰቡበት ቤተ ክርስቲያን ሰፈራችን እንዳለ ሰምቼ ስለነበር ሄጄ ቄሱን ለመንኳቸው። ቄሱ መጥተው ጆሯቸውን ወደ ታማሚዋ አስጠጉ። ከዚያ ወደኛ ዞሩና፣

"በእኛ ቋንቋ 'እማዬ' ማለት ነው" አሉን። "እናታቸውን ነው የሚጠሩት።"

ነርሷ ማንኪያውን አስቀምጣ ሳህኑን አነሳች።

ቄሱ እየተመላለሱ ሚስስ ኢንገር የተወለዱበትን መንደርና የአባታቸውን ስም ቀስ በቀስ ጠይቀው አወቁ። እዚያ ላለው ቤተ ክርስቲያንም ስልክ ደወሉ። እናትየው ከሞቱ ቆይተዋል። ታናሽ ወንድማቸው ግን እዚያው መንደር ዓሣ እያጠመዱ ይኖራሉ።

ወንድምየው ብዙም ሳይቆዩ መጡ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ፤ ሲለያዩ ሕፃን ስለነበሩ እህታቸውን አላወቋቸውም። ወንድምየው ሲናገሩ ቄሱ እየተረጐሙልኝ የሆነውን ሰማሁ። ሚስስ ኢንገር ከአባታቸው ተጣልተው ነበር ከቤት የወጡት። ድምፃቸው ጠፋ፤ በኋላም ለንደን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ስትደበደብ ቤተሰቡ ሞተዋል ብሎ አለቀሰላቸው። እናታቸው ሲሞቱ ደግሞ መቃብሩ ላይ የእናትና የልጅ ስም አብሮ ተቀረጸ።

ሚስስ ኢንገር ይህን ሲሰሙ በደህናው ጎናቸው ሳቁ። አንድ ነገርም ተናገሩ።

"ምን አሉ?" አልኳቸው ቄሱን።

"'እንግዲያው ቦታዬ ተይዞልኛል' ነው የሚሉት።"

ከዚያ እህትና ወንድም እጅ ለእጅ ተያይዘው ተላቀሱ። እኔ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

ትንሽ ሲሻላቸው ወንድማቸው ወደ አገራቸው ይዘዋቸው ሄዱ። ቤቱ እስኪሸጥና ቶተንሃም እስክገባ ድረስ እዚያ ብቻዬን ከረምኩ። የራሴ ነገር የመጣብኝ ያን ጊዜ ነው። ከአገር ስወጣ ለማንም አልተናገርኩም፤ ቀበሌ እናቴን እንዳያንገላታብኝ ብዬ አንድም ቃል አልላኩም። እሷስ ምን ብላ ይሆን?

ፈራ ተባ ስል ቆይቼ አዲስ አበባ ጎረቤታችን ቤት ደወልኩ። እናቴን ጠሩልኝ። ስሜን ስነግራት፣

"ልጄ ከሞተች ቆየች። ተዝካሯንም አውጥቻለሁ። አንቺ ማነሽ?" አለችኝ።

እየማልኩ፣ የአያቴን ስም፣ የታላቅ ወንድሜን የቤት ስም እየጠራሁ፣ በስንት መከራ አሳመንኳት። ስታምን ጩኸቷ ጎረቤቱን ሁሉ ሰበሰበ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሳንተያይ አረፈች። መኖሬን አውቃ ሄዳለች፤ በዚያ እጽናናለሁ። ግን የኔን ለቅሶ አብረዋት የተቀመጡት ጎረቤቶች፣ የሷን ለቅሶ እኔ በሌለሁበት ተቀመጡላት። ይሄ እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም።