ወልደአማኑኤል ቤቱን ያጣራ ጊዜ

ጎረቤቴ ወልደአማኑኤል በ2007 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ጅማ ሄዶ አምስት ቀን የካይዘን ስልጠና ወስዶ ሲመለስ፣ አንድ የምስክር ወረቀትና ሁለት መቶ ቀይ ካርድ ይዞ መጣ። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ነው። ጥሩ ሰው ነው። ይህን ከወዲሁ መናገሬ፣ ወደ ኋላ ላይ እንዳትጠራጠሩ ብዬ ነው።

ካይዘን ለማያውቅ፣ አምስቱ ማዎች የሚባሉ ነገሮች አሉ፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ስድስት ወር ያልተነካ ዕቃ ቀይ ካርድ ይለጠፍበትና ይወገዳል። ለመሥሪያ ቤት ሳይጠቅም አይቀርም። ችግሩ፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንዲት እግሯ የተሰበረ ወንበር ለማስወገድ ኮሚቴ ያስፈልጋል፤ ኮሚቴው ደግሞ እስከ ጥቅምት አይሰበሰብም። ቤት ውስጥ ኮሚቴ የለም። ስለዚህ ወልዴ ሁለቱን መቶ ካርድ ይዞ ቤቱ ገባ።

በሦስት ቀን ውስጥ ግቢው የምርጫ ሰሞን መሰለ። የማይሠራው ሬዲዮ፣ አንድ እግሩ የጠፋ ቦቲ፣ ቁልፉ የጠፋ ሳጥን፣ ሳጥኑ የጠፋበት ቁልፍ፣ ሁሉም ቀይ ለበሱ። ያመለጠው ጃንጥላው ብቻ ነው፤ ሚዛን ላይ ጃንጥላ ስድስት ወር ሳይነካ የሚቀመጥበት ዘመን ገና አልመጣም።

ሚስቱ ሣራ የዚሁ አገር የቤንች ልጅ ናት፣ ሸዋ ቤንች ከሚባለው ወረዳ። መጀመሪያ ላይ ተደስታ ነበር። «አንቺ፣ ባሌ ዕቃ መጣል ጀመረ!» ብላ በአጥር በኩል ስትነግረኝ ሎተሪ የወጣላት ነው የምትመስለው። የኔን ባል እንዲያሰለጥንልኝ ሁሉ ለምኜ ነበር። እግዜር ጠበቀኝ።

ወልዴ ከጓዳው ሲጨርስ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ለመክፈት ፊት ታጥበህ ቁርስ በልተህ የምትመለስበት አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። ፋይሎቹን በቀን ደርድሮ፣ ስድስት ወር ያልተከፈተውን ሁሉ መርጦ አጠፋ። ሪሳይክል ቢን የሚባለውንም ባዶ አደረገ፤ ማጽዳት ማለት ማጽዳት ነዋ! ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ጣት ከቁልፉ ሳይነሳ ይከፈት ጀመር። ተከፍቶ የሚያሳየው ነገር ግን አልነበረውም። የቀረው «የካይዘን ሪፖርት የመጨረሻ»፣ «የካይዘን ሪፖርት የመጨረሻ መጨረሻ» እና «የካይዘን ሪፖርት ይሄኛው ነው» ብቻ ነው።

እስከ መስከረም ሁሉ ሰላም ነበር።

አሁን ስለ መስቀል ልንገራችሁ። የወልዴ ቤተሰቦች ጉራጌዎች ናቸው፤ አባቱ ድሮ ለንግድ መጥተው እዚሁ ቀሩ። መስቀል ሲደርስ ከእርዱ በፊት ባለው ቀን ጎመን ክትፎ ይበላል፤ የዚያን ቤት ጎመን ክትፎ ደግሞ እናትየው ነበሩ የሚሠሩት። እኔ ራሴ ለዚያች ቀን ስል ምሳ የምዘልበት ጊዜ ነበር። እናትየው ሲደክሙ የቅቤውን ቅመም ልክ ሣራን አስያዟት። «ወረቀቱን አይጥ ይበላዋል፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ክተቺው» አሏት። ሣራም በሁለት ጣት ለቅማ ጻፈችው። ያለፈውን መስቀል አጠገባቸው ሆና እያነበበች ሠራች፤ ኅዳር ላይ አረፉ።

ይህ ነገር አንድ ሰው አበሳጨ፦ የወልዴን ታላቅ እህት፣ እትዬ በየነችን። ቴፒ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ ከልጅነቷ ሱቅ እንጂ ጓዳ አታውቅም። ቢሆንም እናቷ ለልጅ ሳይሆን ለምራት፣ ያውም ለቤንች ምራት መስጠታቸው አንገበገባት። መስከረም እንደጠባ ስልክ ደውላ ለወልዴ እንዲህ አለችው፦ «ዘንድሮ ሚዛን መጥተን እናያለን። ጎመን ክትፎው የእማዬ ካልሆነ ከከርሞ ጀምሮ መስቀል ቴፒ ነው።» ሣራ ይህን ሰምታ በአጥር በኩል ጠራችኝ። «አሥራ ሰባት ዓመት በዚህ ቤት ኖሬ እንግዳ ልባል ነው» አለችኝ።

ከእርዱ ሁለት ቀን ሲቀረው ኮምፒውተሩን ከፈተች። ቶሎ ተከፈተላት።

ጩኸቷን ሰምቼ ስደርስ ወልዴ በሩ ላይ ቆሞ እያስረዳ ነው።

«ሣርዬ፣ መመሪያው ስድስት ወር ይላል፤ ፋይሉ ከመስቀል ወዲህ አልተከፈተም።»

«መስቀል በዓመት ስንቴ ነው?»

«አንዴ።»

«እና?»

 ስልጠናው ላይ ይህን ጥያቄ ያነሳ ሰው እንዳልነበረ ከወልዴ ፊት ይነበባል።

«ጣባዎቹስ?» አለች። ጣባ ማለት ጎመን ክትፎው የሚቀርብበት የሸክላ ሳህን ነው፤ የእናትየው አሥራ ሁለት ነበሩ።

«እነሱም በዓመት አንዴ ስለሆኑ... ለፈንታው ሰጥቻቸዋለሁ። መክተፊያውንም።»

ሦስታችንም ወደ ፈንታው ቤት ሄድን። ፈንታው የቡና ችግኝ አፍልቶ ይሸጣል። አሥራ ሁለቱ ጣባዎች ከጓሮው ጥላ ሥር ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ችግኝ ሁለት ሁለት ቅጠል አውጥቷል።

«ልንቀልልሽ?» አለ ፈንታው ደንግጦ። «ቅጠል አውጥቶ እኮ ነው፣ እትዬ ሣራ! ደሞ ውሃ እንዳያቁር ሥሩን በመሮ በስቼዋለሁ።»

ሣራ አንዱን አንስታ ሥሩን አየችው፤ ከቀዳዳው ጭቃ ውሃ ይንጠባጠባል። ቅቤ እንደማይይዝ ገባት። መልሳ አስቀመጠችው። መክተፊያው የዶሮ ቤት በር ሆኗል።

«ለእትዬ በየነች እንደውል፣ እሷ ታስታውስ ይሆናል» አለ ወልዴ።

«ሞቼ ነው!»

በማግሥቱ ሣራ ገበያ ወጥታ ኮረሪማ ገዝታ መጣች፤ ከጫካ የመጣ፣ ገና ቀይ ቅርፊቱ ላይ ያለ። የኔን መክተፊያ ተዋሰች፤ እኔም ከመክተፊያዬ ጋር ተከትዬ ገባሁ። ጎመኑን ግንዱን አውጥታ፣ በሚፈላ ጨው ውሃ ውስጥ ነከር አድርጋ ሳይጠቁር አወጣችው። ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሰችበት፤ ጨመቅነው፣ እንደገና ጨመቅነው። ክንዴ እስኪዝል ከተፍኩ፤ ደቀቀ ስላት «ገና ነው» ትላለች።

ቅቤው ላይ ስንደርስ ቆመች። ኮረሪማው ስንት ነበር? ኮሰረቱ አረፋው ሳይጠልል ነው ወይስ ከጠለለ በኋላ? ሌላስ ምን ነበረበት? 

«አነብ ስለነበር በቃሌ አልያዝኩትም» አለች። «ተጽፏል ብዬ ተማምኜ።»

ከዚያ በጎን ያለውን ዕቃ ሁሉ ገፋ አድርጋ፣ እናቷ ሸዋ ቤንች ላይ እንደሚያደርጉት አደረገች። ኮረሪማውን ፈልፍላ ፍሬውን አመስ አድርጋ፣ ጥምዝ ከሚባለው የጫካ ቁንዶ በርበሬ ጋር ወቀጠችው። ነጭ ሽንኩርቱን ቅቤው ውስጥ ጣለች፤ ሲጠልል ኮረሪማውን፣ ጥምዙንና ኮሰረቱን አንድ ላይ ጨምራ እሳቱን አጠፋችው። ለብ ሲል ከጎመኑ ጋር አሸችው፤ ሚጥሚጣና ጨው፤ ላዩ ላይ አይብ። ቀመስኩ። እንዴት እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ሁለተኛ ለመቅመስ ሰበብ ስፈልግ ነበር።

እትዬ በየነች ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከቴፒ ገባች። ሣራ በተራ ሳህን ላይ የእንሰት ቅጠል ዘርግታ አቀረበች።

«ጣባው የታለ?»

«ቡና ተተክሎበታል» አለ ወልዴ ቀስ ብሎ።

እትዬ በየነች መልስ መስሎ ስላልታያት ቆጮውን ቆርሳ ጎረሰች። አኘከች። ሣራ በሩ ላይ ቆማ መቀነቷን ትቋጥራለች፣ ትፈታለች።

«ይሄ የእማዬ አይደለም።»

«አይደለም፣ እትዬ» አለች ሣራ። «የኔ ነው። የእማዬን ወንድምዎ አጠፋው።»

ወልዴ ከማጣራት ጀመረ፣ በማስቀመጥ አልፎ ማጽዳት ላይ ሲደርስ እህቱ አስቆመችው።

«ስድስት ወር ያልተነካ ይጣላል ነው የምትለኝ?»

«መመሪያው...»

«አንተ ልጅ፣ እኔ እዚህ ቤት የምመጣው በዓመት አንዴ ነው። መቼ ነው እኔን የምትጥለኝ?»

ማዝለቅ ሳይደረስበት ቀረ። እትዬ በየነች ዞር ብላ ሳህኑን ዘረጋች። «ጨምሪልኝ።» ጨመረችላት። ሦስተኛም ጨመረችላት። እጇን ስትታጠብ፣ ለሣራ ሳይሆን ለውሃው የምትናገር መስላ፣ «ቅቤው ምን እንዳለበት ጻፊልኝና ልውሰደው» አለች።

ወልዴ ኮምፒውተሩን ለመክፈት ተነሣ።

«ተቀመጥ!» አለችው ሣራ። ከዚያም ለእህቱ፣ በትሕትና ጎንበስ ብላ፣ «አልጽፍም፣ እትዬ። ሲያምርዎ እዚሁ መጥተው ይበላሉ» አለቻት።

የሚሆነውን ላለማየት ጣሪያውን አየሁ። እትዬ በየነች እጇን በፎጣ እያደረቀች ቆየች፤ ጣት በጣት ነው የምታደርቀው።

«ከርሞ ቆጮውን እኔ አመጣለሁ» አለች በመጨረሻ። «ያንቺ ቆጮ አይረባም።»

ሣራ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። ተከትያት ብገባ፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች።

«ሰማሽ?» አለችኝ። «ከርሞ አለች!»