ኮሪያ ያለችው ሴትዮ

ካሳነሽ ሰው አታምንም። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ራሷም በኩራት ነው የምትናገረው። ወተት ስትገዛ ከፊት ያለውን ትታ ከመደርደሪያው ጥግ ትጎትታለች። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝላት ሌላ ሐኪም ጋ ሄዳ "እውነቱን ነው?" ትላለች። ስልክ ደውሎ ዝም የሚል ሰው ካጋጠማት ደግሞ "ማን እንደሆንክ አውቄሃለሁ" ብላ ትዘጋበታለች፤ ባታውቀውም። ሥራዋም ጠባይዋን አባሰባት። ሳን ሆዜ ኤርፖርት አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል፣ የጽዳት ሴቶቹ ጨርሰው የወጡበትን ክፍል የምትፈትሽ ኢንስፔክተር ናት። አንሶላ ገልጣ፣ መሳቢያ ስባ፣ መጋረጃ አራግፋ፣ እዚህ ክፍል ማን ከማን ጋር እንዳደረ፣ ተጣልተው ይሁን ታርቀው እንደወጡ ልንገራችሁ ትላለች። ልክ ትሁን አትሁን ያጣራ የለም፤ እንግዶቹ ሄደዋላ።

እንዲህ ያለችው ሴት ደግሞ ያገባችው ሀብቱን ነው። ሀብቱ ዝምተኛ ነው። ሬድውድ ሲቲ ያሉ ቢሮዎች ውስጥ ሊፍት ይጠግናል። ማታ ይመጣል፣ እጁን ይታጠባል፣ የቀረበለትን ይበላል፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ያነባል፣ ይተኛል። ኦክላንድ ባለችው የአማርኛ ጉባኤ የረቡዕ ጸሎት የሚመራው እሱ ነው፤ ሲገባ ወጣቶቹ ማስቲካቸውን ይደብቃሉ። ሌላዋ ሴት እንዲህ ያለ ባል ብታገኝ ተመስገን ብላ ትኖር ነበር። ካሳነሽ ግን "ይኼ ሰው በሆዱ ምን ይዟል?" እያለች ሃያ ዓመት ኖረች።

ጉባኤዋ የራሷ ሕንፃ የላትም። አዳራሹ የኮሪያውያን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጠዋት እነሱ ያመልካሉ፣ ከሰዓት አበሻው ይገባል። ወጥ ቤቱ የጋራ ስለሆነ የቦካ ጎመናቸው የኪምቺው ማሰሮና የድልሁ ዕቃ አንድ ፍሪጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሽታቸው ሲታገል ይውላል። ኮሪያውያኑ በየዓመቱ መስከረም ላይ ወደ አገራቸው ሄደው፣ የጸሎት ተራራ በሚሉት ቦታ ለአምስት ቀን ይጾማሉ። አንድ ጊዜ አበሾቹንም አብራችሁን ኑ ብለው ጋበዙ። በ1995 ነው። ከሁሉ ቀድሞ እጁን ያወጣው ሀብቱ ነበር። እጅ አውጥቶ የማያውቅ ሰው!

ካሳነሽ የመጀመሪያውን ዓመት ደስ ብሏት ሸኘችው። ሲመለስ ግን ድምፁ ተዘግቷል። ሁለቱም ትከሻዎቹ በልዘዋል። ሻወር ውስጥ ሆኖ ደግሞ ያንጎራጉራል። ጉባኤው ይህን ሲሰማ አደነቀ፤ "እስኪዘጋው ድረስ ጮኾ ጸለየ! በትከሻው ተደፍቶ ነው የታገለው!" ተባለ። ፓስተሩም እንደ ልማዱ ለምስክርነት ወደ መድረክ ጠራው። በዚያች ጉባኤ ሳክራሜንቶ ለኮንፈረንስ ደርሶ የመጣ ሰው እንኳ ግማሽ ሰዓት ይመሰክራል። ከጸሎት ተራራ የመጣው ሀብቱ ግን "ጌታ መልካም ነው" ብሎ ተቀመጠ። ሰዎቹ ትሕትናውን አደነቁ። ካሳነሽን ነገሩ ከነከናት።

በሁለተኛው ዓመትም እንዲሁ ሆነ፤ በልዞ፣ ድምፁ ተዘግቶ፣ እያንጎራጎረ መጣ፣ ሁለት ቃል ተናግሮ ተቀመጠ። ጾም ሰውን ያከሳል እንጂ እንዴት ያስዘፍናል? በሦስተኛው ዓመት ካሳነሽ ልቧ አላርፍ አለ። አንድ እሑድ ወጥ ቤት ውስጥ ዲያቆን ቾይን አገኘችው። ከኮሪያውያኑ ወገን ጉዞውን የሚያዘጋጀው አዛውንት እሱ ነው፤ ሳህን እያደራረቀ ነበር።

"ባሌ እዚያ እንዴት ነው?" አለችው በእንግሊዝኛዋ።

"ብርቱ ጸሎተኛ ነው። አምስቱንም ቀን ውሃ ብቻ ይጠጣል" አላት። "ከዚያ እኛ ዘመድ ጥየቃ ስንበተን፣ እሱም ወደ ራሱ ጉዳይ ይሄዳል።"

"የምን ጉዳይ?"

ዲያቆን ቾይ ሳህኑን ማድረቅ ቀጠለ፤ ሳህኑ ከደረቀ ቆይቷል። "እኔ አላውቅም። ብቻ በጣም ደስ ብሎት ነው የሚሄደው" አለ።

በጣም ደስ ብሎት! ካሳነሽ ቤቷ ስትገባ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ፍራሹን አነሳች፣ መሳቢያውን አወጣች፣ የኮቱን ገበር ዳበሰች። የፈለገችውን ያገኘችው በመጨረሻ የሥራ ዕቃ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከመፍቻዎቹ ሥር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው። ሦስት ፎቶግራፎች። በመጀመሪያው ላይ ሀብቱ አንድ የመጫወቻ ጋሪ ውስጥ ተቀምጧል፤ አንዲት ወጣት ኮሪያዊት ክንዱን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች። በሁለተኛው ላይ አጠገቡ አንዲት አሮጊት ናቸው፤ እሳቸውም ክንዱን ይዘዋል። በሦስተኛው ላይ የስድስት ዓመት ገደማ ልጅ አለ፤ ፊቱን ሀብቱ ብብት ውስጥ ቀብሯል። ሀብቱ በሦስቱም ላይ አፉን ከፍቶ፣ ካሳነሽ አይታው በማታውቀው አኳኋን ይስቃል።

ካሳነሽ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ነገሩ ግልጽ ነው። ወጣቷ ሴትዮዋ ናት። አሮጊቷ አማቱ ናቸው። ልጁም የማን እንደሆነ ነጋሪ አያሻውም፤ ዕድሜውን ከጉዞው ዓመት ጋር ማስላት እንኳ አላስፈለጋትም። ሰው መጫወቻ ቦታ የሚሄደው ወይ ልጅ ሊያጫውት ነው ወይ ሴት ሊያስደስት፤ ሀብቱ ደግሞ ሁለቱንም አድርጓል፣ አሮጊቷን ጭምር ይዞ። ልጃቸው ዮዳሄ ፎቶዎቹን ብታያቸው ኖሮ ምን እንደሆኑ በአንድ አፍታ ትነግራት ነበር። ግን የአባትን ጉድ ለልጅ ማን ያሳያል? ካሳነሽ ፎቶዎቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ለጉባኤው ሽማግሌ ለጋሽ ገረመው ደወለች።

ጋሽ ገረመው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከባለቤታቸው ከእትዬ ወይንሸት ጋር መጡ፤ እሳቸው ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ፣ እትዬ ወይንሸት በነጭ ቀሚስ። ዮዳሄ ጓደኛዋ ቤት ተልካለች። ጸሎት ተደረገ። ከዚያ ጋሽ ገረመው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ።

"ሀብቱ ወንድሜ፣ እኛ ለመፍረድ አልመጣንም። እነዚህ ሰዎች ምኖችህ ናቸው?"

ሀብቱ ፎቶዎቹን ሲያይ ፊቱ ደም መሰለ። "አላውቃቸውም" አለ።

"ክንድህን ይዘው?" አለች ካሳነሽ።

እትዬ ወይንሸት ሦስተኛውን ፎቶ ወደ መነጽራቸው አስጠጉ። "ልጁ እንኳ እሱን አይመስልም" አሉ ቀስ ብለው።

"ጆሮውን ይዩት እንጂ እትዬ! ቁርጥ የሱ ጆሮ!"

"አላውቃቸውም አልኩ እኮ" አለ ሀብቱ። "ብቻዬን ስለምሄድ አጠገቤ ቦታ ይተርፋል። ሰልፍ ላይ የቆመውን ሰው ያስቀምጡበታል። ቁልቁል ሲወርድ ማንም ይሁን ማን ያገኘውን ነው የሚይዘው።"

"ምኑ ሲወርድ?" አሉ ጋሽ ገረመው።

"ሮለር ኮስተሩ" አለ ሀብቱ። "በሐዲድ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወረወር ጋሪ ነው፤ እሱ ላይ እወጣለሁ። ፎቶውን እዚያው የተተከለ ካሜራ ያነሳዋል፣ ስንወርድ ይሸጡልናል። ከጸሎቱ በኋላ የምቀረው ለሱ ነው።"

ጋሽ ገረመው ከረባታቸውን ላላ አደረጉ። "ሀብቱ፣ የሃምሳ ዓመት ሰው ነህ። ውሸት እንኳ ቢያስፈልግህ ከዚህ የተሻለ አጣህ?" ቀጥሎም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እመን ወንድሜ። ከአንተ የባሰም ሠርቶ ይቅር ተብሏል። ሕፃኑም ቢሆን ምን አደረገ? አምጥተን እናሳድገዋለን" አሉ።

"የምን ሕፃን ነው ጋሼ የሚያሳድጉት! እናቱ ከኋላዬ ተቀምጣ ነበር እኮ!"

ከዚያ በኋላ ሀብቱ ሁሉንም ተናገረ። መጀመሪያ የወጣው የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ሳንታ ክላራ ያለው የመጫወቻ ፓርክ ወስዶ፣ አንድ ልጅ ብቻዬን እፈራለሁ ብሎ ሲያለቅስ ነው። ልጁ ሲወርድ ይበቃኛል አለ፤ ሀብቱን ግን አልበቃውም። ከዚያ ኮሪያን አገኘ። ሴኡል ከተማ ውስጥ ጣሪያ ሥር የተሠራ አለ፣ ከቤት ውስጥ ተነስቶ ዙሪያ ጥምጥም አድርጎ ይገለብጥሃል። ዮንጊን በምትባል ከተማ ደግሞ ተራራ ላይ የተሠራ አለ፤ ሐዲዱ ከላይ ነው፣ አንተ ትከሻህን በብረት ተጠፍረህ፣ ተንጠልጥለህ በዛፎቹ መሃል ትበራለህ፣ ጥድ ይሸትሃል፣ መታጠፊያው ላይ እግርህ ቅጠል የሚነካ ይመስልሃል። ይህን ሲናገር እጆቹ አየር ላይ ይወጣሉ፣ ይታጠፋሉ፣ ይወርዳሉ። ካሳነሽ እጆቹን በዓይኗ ተከተለች። ሰው እንዲህ የሚያወራው ስለ ሴት ብቻ ነው ብላ አሰበች።

"ሳንታ ክላራ አፍንጫችን ሥር አይደል? ለምን ኮሪያ?" አለችው።

"ሳንታ ክላራማ የጉባኤው ልጅ ሁሉ አለ። ጋሽ ሀብቱ እጁን ዘርግቶ ሲጮህ ያየ ልጅ ረቡዕ ጸሎት ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማኛል?"

"ጸሎቱስ ታዲያ?" አሉ እትዬ ወይንሸት።

"ጸሎቱ ጸሎት ነው እትዬ። እሱን አልዋሸሁም። ጾሜን ጨርሼ ነው የምወርደው።"

ካሳነሽ ተነሳች። "እኔ ካምቤል ያለችው እህቴ ፀዳለ ጋ መሄዴ ነው። ዕቃዬን ፓክ አድርጌያለሁ። እውነቱን ስትናገር ኮል አድርግልኝ።"

ቀልድ እንዳልሆነ ሀብቱ ገባው፤ ሻንጣዋ በሩ ጋ ቆሟል። "እሺ" አለ። "የሳንታ ክላራው ፓርክ ለክረምት ገና አልተዘጋም። አሁኑኑ እንሂድ። አጠገቤ ተቀምጠሽ ራስሽ ቼክ አድርጊ።"

አራቱም በጋሽ ገረመው መኪና ሄዱ። በከረባትና በነጭ ቀሚስ፣ ቁምጣ በለበሱ ልጆች መሃል ሲያልፉ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያቸዋል። ሀብቱ ካርታ አልጠየቀም፤ ቀጥ ብሎ ወደ እንጨቱ ሮለር ኮስተር ወሰዳቸው። ካሳነሽ ይህንንም በልቧ ያዘች። እዚህም ሳይመጣ አልቀረም፤ ከመጣስ ከማን ጋር? ሰልፉ ላይ ለወጣቱ ሠራተኛ የመጨረሻው ወንበር ይሻለናል ብሎ ሲያስረዳ ሰማችው። "መጨረሻው ላይ ቁልቁለቱ ይጎትትሻል" አላት። "ራስሽን ደገፍ አድርጊ። አትገትሪ።" ሽማግሌዎቹ አጥሩ ጋ ቆመው ቀሩ።

ብረቱ ጭናቸው ላይ ወረደ። ጋሪው እየተንቋቋ ሽቅብ መሳብ ጀመረ። ካሳነሽ ዓይኗን አልጨፈነችም። የመጣችው ልትፈትሽ ነው። አንዲት የሐሰት ነገር፣ አንዲት የማስመሰል ፈገግታ ብታይ አላልፈውም ብላ ባሏን ትክ ብላ አየችው።

ጫፉ ላይ ደረሱ። ሀብቱ ሁለቱንም እጆቹን ወደ ላይ ዘረጋ። መሬቱ ከሥራቸው ጠፋ፣ ሆዷ የት እንደሄደ አላወቀችም፣ እንጨቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ እሷ ግን እሱን ብቻ ታያለች። ይጮሃል፤ ፍርሃት አይደለም። ከወንበሩ ብድግ ሲያደርገው ይስቃል፣ ሲጥለው ይስቃል፣ እንባው በጉንጩ ወደ ኋላ ይሄዳል። እሷ መኖሯን ረስቷል። እንዲህ ማስመሰል የሚችል ሰው የለም። ካሳነሽ አመነች። በዕድሜዋ እንደዚያች ቅጽበት የማንንም ነገር ያለ ጥርጥር አምና አታውቅም።

ሲወርዱ ጋሽ ገረመው በረጅሙ ተነፈሱ። "ጉዳዩ አልቋል። ይቅር ተባባሉ" አሉ። እትዬ ወይንሸት ካሳነሽን አቀፏት። "ተመስገን በይ፣ ሴት የለችም!"

ደስታዋ ደረጃውን ወርዳ እስክትጨርስ አልቆየም። አግዳሚ ወንበር አግኝታ ተቀመጠችና ሳታስበው ዕንባዋ መጣ። ሀብቱ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

"ምን ሆንሽ? አየሽ አይደል?"

"ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር" አለች። "ሴት ብትሆን ሰድቤያት፣ ሰድቤህ፣ ይወጣልኝ ነበር። ይህን ሁሉ ደስታ ከኔ ደብቀህ ባሕር ተሻግረህ ትስቃለህ? ምናለ ብትነግረኝ?"

ሀብቱ ሲመልስ ቁጣ የለበትም፤ ሊፍቱ ለምን እንደቆመ ለሕንፃው ባለቤት የሚያስረዳ ነው የሚመስለው። "ብነግርሽ ትፈትሺው ነበር ካሱዬ" አላት። "ለምን ወደድከው? ከመቼ ጀምሮ? ማን አስለመደህ? ትይኛለሽ። ጠይቀሽ እስክትጨርሺ ምኑም አይተርፈኝም ነበር።"

እውነቱን እንደሆነ ታውቃለች፤ ያናደዳትም እሱ ነው።

"አንድ ጊዜ ብቻ ልድገመው?" አለ ሀብቱ፣ ወደ ሐዲዱ ቀና እያለ።

"ሂድ።"

ሄደ። ጋሽ ገረመው መኪናውን ሊያመጡ ወጡ። ካሳነሽና እትዬ ወይንሸት መውጫው በር ጋ ሄደው ቆሙ። ጋሪው ከላይ ሲያልፍ ጩኸቱ መጣና ሄደ፤ የትኛው ድምፅ የባሏ እንደሆነ መለየት አልቻለችም። ትንሽ ቆይቶ ሰዎቹ እየተንጋጉ መውጣት ጀመሩ። ሀብቱ ከመሃላቸው ነበር። ለማያውቀው አንድ ጎረምሳ በእጁ ቁልቁለቱን እያሳየ ያወራል፣ ጎረምሳው አንድ ነገር መለሰለት፣ ሁለቱም ሳቁ። ሸሚዙ ወጥቷል። ፊቱ በርቷል።

ቀና ሲል ካሳነሽን አያት። ወዲያው ሸሚዙን ወደ ሱሪው ከተተ። አፉን ገጠመ፣ ግንባሩን አስተካከለ፣ ፊቱን ሰበሰበ። ክፋት የለበትም፤ ለምዶት ነው፣ ማድረጉንም አላወቀውም። ካሳነሽ ግን አየችው። ሃያ ዓመት ሙሉ የባሌ ፊት ነው ብላ የኖረችው ይህንን የተሰበሰበውን ነበር።