አባቴና የማታው ኪኒን

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ሳጉሬ ገበያ ውስጥ፣ እህል ነጋዴው አባቴ አዴ ሎሚን ስማቸውን ጠየቃቸው። ለዓመታት ከዲክሲስ ገብስ ሲያመጡለት የኖሩ ሴት ናቸው። የቀለደ መስሏቸው ሳቁ። ደግሞ ጠየቃቸው። ሳቃቸውን አቆሙ።

አሰላ ወስጄ አስመረመርኩት። ሐኪሙ ደሙንና የልብ ምቱን ካየ፣ የማስታወስ ጥያቄዎችም ከጠየቀው በኋላ «ዲሜንሺያ ነው፣ የመርሳት በሽታ፤ ገና አልከበደም» አለን። ዶኔፔዚል የሚባል ኪኒን ከትንሹ መጠን አስጀመረው። «በሽታውን አያድነውም። አንዳንዱን ሰው ግን ለጊዜው ይደግፋል።»

«ዶክተር፣ ሚስቴ ግዛ ያለችኝን ሁሉ እንዳያስታውሰኝ ብቻ» አለ አባቴ።

መጀመሪያ አቅለሸለሸው። ከቁርስ ጋር ሲወስደው ተሻለው። ቀስ በቀስ ጨዋታው ተመለሰ፤ መጠኑም ከፍ ተደረገለት።

ረመዳን ገባ። አባቴ ቀን ኪኒን አልውጥም አለ። እኛም ከዒድ በኋላ ይቀጥላል ብለን ተስማማን። ሐኪሙን ግን አልጠየቅንም።

ጾሙ ሊያልቅ ሲል፣ አፍጥር ላይ ቴምር አቀበልኩት። አየኝ።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«ያንተ።»

እናቴ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።

አሰላ ተመልሰን ኪኒኑን ማቋረጡን ስንነግረው ሐኪሙ አልተቆጣንም። «በቀን አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ ማታ ከመኝታ በፊት መስጠት ትችላላችሁ። ጾም አይከለክለውም። አሁን ግን ብዙ ስለቆየ በነበረበት መጠን አትቀጥሉ፤ ከትንሹ እንደገና እንጀምራለን» አለ።

ከዚያ ወዲህ ኪኒኑን በየማታው ከኢሻ ሶላት በኋላ የምትሰጠው እናቴ ናት፤ እሱም «ዛሬስ አልሰጠሽኝም» እያለ ያሾፍባታል፣ እሷም ባዶውን ብርጭቆ ታሳየዋለች፣ ሁለቱም ይስቃሉ። የጠፋው ሁሉ አልተመለሰም። ስሜን ግን ይጠራል። ለሐኪሙ፣ የልብ ምቱን በየቀጠሮው ለምትለካው ነርስ፣ ከሁሉ በላይ ለእናቴ ምስጋናዬ ብዙ ነው።

በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ካለ፣ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ። ጾም ሳይገባ ሐኪሙን ስለ ሰዓቱም ስለ ጾሙም ጠይቁት። ካስመለሰው፣ ካዞረው ወይም ራሱን ከሳተ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ይዛችሁት ሂዱ።

ባለፈው ቅዳሜ ሳጉሬ ወረድን። አባቴ ከጆንያው አንድ የገብስ ፍሬ አንስቶ በጥርሱ ሰበረ።

«ገና አልደረቀም፣ አዴ ሎሚ» አላቸው።